ያው ጀግና በሌላ እጅ፦ ስፓይደርማንን በእርሳስ እየቀዳሁ ያየሁት

ጓደኛዬ የኮሚካችንን፣ በሥዕል የምንተርከውን ታሪክ፣ ስምንት ገጾች አንድ በአንድ አየና መልሶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሁልጊዜ ቡና የምንጠጣበት የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠናል። ታሪኩን የጻፈው እሱ ነው፤ የሳልኩት እኔ ነኝ። የመርካቶ ተሸካሚ የሆነ የ19 ዓመት ልጅ የማይችለው ሸክም እንደሌለ አንድ ቀን ይደርስበታል፤ ይህንን ደግሞ ሰው እንዳያውቅበት ይፈራል። ከዚህ ሌላ ታሪክ የለውም። ፍርሃቱ ነው ታሪኩ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጁ እኮ ምንም የሚፈራ አይመስልም» አለኝ። «ደረቱን እየው እስቲ። ይህንን ደረት ይዞ ማንን ይፈራል?»

ቃሉ ሁሉ እሱ እንደጻፈው ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ «ሰው ካወቀብኝ አለቀልኝ» ይላል፤ በጉልህ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ይህንን የሚለው ትከሻው በር የሚሞላ፣ አንገቱ የወይፈን አንገት የሚያህል ጎረምሳ ነው። ቃልና ሥዕል ሲጣሉ አንባቢ የሚያምነው ሥዕሉን ነው። ያን ቀን ይህንን አላውቅም ነበር። ልዕለ ኃያል ጀግና የሚሳለው እንዲህ ነው ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩትን ሳልኩ እንጂ ይህ ልጅ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ወራት አንድ ተከታታይ ኮሚክ ከሠዓሊ ወደ ሠዓሊ ሲተላለፍ እየተከታተልኩ ገጾቹን በእርሳስ ቀዳሁ። በዚህ መንገድ ለሚጀምሩ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምሠራው ዋሽንግተን መሐል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ እስኪነጋጋ ድረስ መኪና የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። በትንሿ የመስታወት ክፍል ውስጥ አንድ መብራት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማሞቂያ አለ፤ ለሥዕል ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የስፓይደርማን እትሞች በአንድ ላይ የተጠረዙባቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት እየተዋስኩ ይዤ እገባ ነበር።

ስፓይደርማንን የመረጥኩት ስለምወደው ብቻ አይደለም። ለትምህርት የሚመች ነገር አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንግግሩን የጻፈው አንድ ሰው፣ ስታን ሊ ነው፤ ሠዓሊው ግን መሐል ላይ ተቀየረ። ጸሐፊው ሳይለወጥ እጅ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ተረጋግቶ ማየት ይቻላል።

ገና ከመነሻው ያገኘሁት ነገር የእኔን ስምንት ገጾች አስታወሰኝ። ስታን ሊ ደጋግሞ እንደተናገረው ጀግናውን እንዲስል መጀመሪያ የተጠየቀው ጃክ ከርቢ ነበር። ከርቢ ካፒቴን አሜሪካን ከጆ ሳይመን ጋር የፈጠረ፣ በ1961 ፋንታስቲክ ፎርን የሳለ ታላቅ ሠዓሊ ነው። የእሱ ሰዎች ገጹን ገፍተው ሊወጡ የሚመስሉ፣ ጡጫቸው ወደ አንባቢ የሚመጣ ናቸው። ጥቂት ገጾች ሳለ፤ ሊ ሲያያቸው ልጁ ከመጠን በላይ ጀግና ሆነበት። የተፈለገው ጉልበቱ ያልታሰበ ዓይናፋር ተማሪ ነበር። ሥራው ወደ ስቲቭ ዲትኮ ዞረ።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት የነሐሴ 1962 እትም ሽፋኑን በእርሳስ የሳለው ከርቢ ነው፤ ውስጡን የሳለው ደግሞ ዲትኮ። ሽፋኑ ላይ ሰፊ ጀርባና ወፍራም ጭን ያለው ሰው አንድ ወንጀለኛ በብብቱ ይዞ በአየር ላይ ይወነጨፋል። ሽፋኑን ግለጡት፤ መነጽር ያደረገ ከሲታ ልጅ ለብቻው ቆሟል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው ይሳለቁበታል። አንድ መጽሔት፣ አንድ ጀግና፣ ሁለት ሰው። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጬ በአንድ ሌሊት ቀዳኋቸው። የከርቢን ስስል እጄ ከትከሻ ጀምሮ ይንቀሳቀሳል፤ መስመሩ ረጅምና ደፋር ነው። የዲትኮን ስስል የሚሠራው የእጅ አንጓዬ ብቻ ነበር።

ዲትኮ በ1927 በፔንሲልቫኒያ ጆንስታውን የተወለደ ሰው ነው። ለስፓይደርማን ካደረገለት ሁሉ ትልቁ ፊቱን ጨርሶ መሸፈኑ ይመስለኛል። አፍ የለ፣ አፍንጫ የለ፤ ሁለት ነጭ ዓይኖች ብቻ። ብዙዎቹ የዘመኑ ጀግኖች ቢያንስ አፋቸው ይታያል፤ ሲናደዱ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ስፓይደርማን ግን ፊት የለውም፤ ስለዚህ ደስታውም ፍርሃቱም በሌላ ቦታ መታየት አለበት። ዲትኮ ወደ እጆቹ ወሰደው። ድሩን ሲተኩስ መሐለኛዎቹ ሁለት ጣቶች መዳፉን ይጫናሉ፣ ሌሎቹ ይዘረጋሉ፤ ይህንን አቀማመጥ ዛሬ ኮሚክ አንብቦ የማያውቅ ሕፃን ሳይቀር ይሠራዋል። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ጉልበቶቹ ከጆሮው በላይ ይወጣሉ። ቆሞ ሲያስብ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። አንድ ሌሊት ከሥዕሉ ውስጥ እጆችን ብቻ እየለቀምኩ አንድ ወረቀት ሞላሁ። ሲነጋ ወረቀቱን ሳየው ታሪኩን ያለ ፊትና ያለ ቃል መከታተል ይቻል ነበር፤ እዚህ ጋ ይደብቃል፣ እዚህ ጋ ይለምናል፣ እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል።

ሌላም ዘዴ አለው። ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ጭምብሉን ሲያወልቅ የሚታየው ያ ከሲታ ልጅ፣ በሰው መሐል ቆሞ ስፓይደርማንነቱ ሲታወሰው የፊቱን ግማሽ በጭምብል ይስለዋል። ይህንን ሳይ ልጅ ሳለሁ ደብራችን ውስጥ ያየኋቸው የግድግዳ ሥዕሎች ትዝ አሉኝ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኖቹ ይሳላል፤ ክፉ ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለመለየት ጽሑፍ አያስፈልገውም። ዲትኮ ይህንን አሣሣል አይቶት ነበር ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ፊት እንዴት ተቆርጦ እንደሚታይ ራሱ ንግግር መሆኑን ከልጅነቴ አውቀው ነበር፤ ኮሚክ ስስል ግን ረስቼው ቆየሁ።

በዚያ ዘመን ስፓይደርማንን በሚያሳትመው ኩባንያ፣ ማርቭል ውስጥ የነበረውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ጸሐፊው የታሪኩን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይሰጣል፤ ሠዓሊው ሃያ ያህል ገጽ አድርጎ ይስለዋል፤ ንግግሩ የሚጻፈው ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ቅጽበት ግማሽ ሳጥን (ገጹ ላይ አንድ ሥዕል የሚያርፍበት ክፈፍ) ይውሰድ ወይስ አምስት ገጽ የሚለውን የሚወስነው ሠዓሊው ነው። ዲትኮ እየቆየ ሲሄድ ታሪኩንም ራሱ ያወጣ ጀመር፤ በ1965 ከወጣው እትም ቁጥር 25 ጀምሮ ይህ በስሙ ተጽፎለታል።

አሁን የዘገየሁበት ቦታ ላይ ደረስኩ። የየካቲት 1966 እትም የሆነው ቁጥር 33። ስፓይደርማን ከአንድ ግዙፍ የብረት መሣሪያ ሥር ተቀብሯል። ከላይ ውኃ ያንጠባጥባል። ለታመመችው ለአክስቱ ሕይወት የሚያስፈልገው መድኃኒት ከፊቱ ወድቋል፤ ያየዋል፣ አይደርስበትም። በቃል ሲነገር የአንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳይ ነው፦ ብረቱን አንስቶ ወጣ። ዲትኮ አምስት ገጽ ሰጠው።

አምስቱን ገጾች ለመቅዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ውስጥ ብረቱ ከላይ አብዛኛውን ቦታ ይዟል፤ ሰውየው ሥር ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። ሳጥኖቹ ጠባብ ናቸው፤ የሳጥኑ ጠርዝ ራሱ የሚጫነው ይመስላል። ይሞክራል፣ አይሆንም። አክስቱንና የሞተውን አጎቱን ያስባል። እንደገና ይሞክራል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሳጥኖቹ ቁጥራቸው እያነሰ፣ ስፋታቸው እየጨመረ ይሄዳል፤ ጀርባው ቀስ በቀስ ቀና ይላል። በመጨረሻ አንዱን ገጽ ሙሉ በሙሉ የያዘ ሥዕል ይመጣል፤ ብረቱ ተወርውሯል፣ ሰውየው ቆሟል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ፤ ጡንቻው አልጨመረም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው ያው ቀጭን ሰው ነው። የጨመረው ቦታው ነው። ዲትኮ ኃይልን የሳለው በሰውየው ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ነው።

እኔ ደግሞ የመርካቶውን ልጅ ሸክም ቀላል ያደረግሁት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ገባኝ። ልጁን ከመጀመሪያው ሳጥን ጀምሮ ትልቅ አድርጌ፣ ጆንያውን ደግሞ እንደ ትራስ ትከሻው ላይ አስቀምጬለት ነበር። ያን ሌሊት መሬት ላይ ተንበርክኬ የመስታወት ክፍሉን ጠረጴዛ በጀርባዬ ለማንሳት ሞከርኩ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ክንድ አይደለም፤ የእግር ጣቶች ናቸው፣ መሬት ይቆነጥጣሉ። ቀጥሎ አገጭ ወደ ደረት ይገባል። ፊት የሚታየው ከላይ ወደ ታች ነው። ይህንን በኮሚክ መጽሐፍ ብቻ አላገኘውም ነበር፤ ዲትኮን መቅዳት ግን የት እንደምመለከት አሳየኝ።

ዲትኮ እስከ ቁጥር 38 ድረስ ሳለና በ1966 ማርቭልን ለቆ ሄደ። ቁጥር 39ን የሳለው ጆን ሮሚታ ነው። ሮሚታ ለዓመታት የፍቅር ታሪክ ኮሚኮችን ሲስል የኖረ የብሩክሊን ልጅ ነው። መጀመሪያ የዲትኮን እጅ ለመምሰል ይጥር እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ ዲትኮ ይመለሳል ብሎ ያስብ ነበርና። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ይህ ጥረት ይታያል። ከዚያ ግን የራሱ እጅ አሸነፈው።

የእሱን ገጾች መቅዳት ስጀምር ልዩነቱ በእርሳሴ ጫፍ ታወቀኝ። ዲትኮ ብዙ ጊዜ ገጹን ለዘጠኝ እኩል ሳጥኖች ይከፍላል፤ ሮሚታ ሳጥን ይቀንስና ፊት ያቀርባል። የፀጉር ዘርፍ፣ የሽፋሽፍት መስመር፣ የከንፈር ጥላ። ፒተር ትከሻው ሰፋ፣ አገጩ አማረ። ሞተር ብስክሌት ገዛ። የኅዳር 1966 እትም በሆነው ቁጥር 42 መጨረሻ ላይ ሜሪ ጄን፣ በኋላ የፒተር ፍቅረኛ የምትሆነው ልጅ፣ በር ላይ ቆማ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየች። ዲትኮ ይህችን ልጅ ቀደም ሲል አምጥቷት ነበር፤ ፊቷን ግን ሸፍኖ ይስላት ነበር። ለዓመታት የፍቅር ታሪክ የሳለ ሰው እጅ ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ራሱ የታሪኩ ትልቅ ክስተት ሆነ። ቀጥሎ የሚመጡት ታሪኮች በወጣቶች መሰባሰቢያ፣ በጭፈራ፣ በቅናት የተሞሉ ናቸው። ንግግሩን የሚጽፈው ያው ስታን ሊ ነው። ሥዕሉ ግን ሌላ ዓይነት ንግግር ጠየቀው፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቆንጆ ጎረምሳ የዲትኮን ልጅ ያህል ብቻውን ሊያጉረመርም አይችልም።

የዲትኮን ፒተር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ለብቻው ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ የሮሚታውን ሠርግ ቤት። ለእኛ ታሪክ የሚሆነው የዲትኮ ነው፤ ሮሚታን ግን የሚያናንቁትን አልቀበልም። በእሱ እጅ ስፓይደርማን ብዙ ተጨማሪ አንባቢ አገኘ፤ ከፒተር ዙሪያ ያሉትም ሰዎች አብረዋቸው ሊውሉ የሚናፈቁ ሆኑ። የምትስሉት ታሪክ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ፍቅር ከሆነ ከሮሚታ ጀምሩ። ሁለት ሰዎች ቆመው ብቻ ሲነጋገሩ ገጹ እንዳይሞት ማድረግ ከእሱ የተሻለ የሚያስተምር አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ 1988 ዘለልኩ፤ ቶድ ማክፋርሌን በቁጥር 298 ወደሚጀምርበት። እዚህ ብዙ አልቆይም። ከእሱ በፊት የነበረው ድር እንደ ወንፊት በተጣለፉ መስመሮች ይሳል ነበር፤ እሱ እንደ ተፈተለ ገመድ አጠማዘዘውና ጫፉን በተነው። የጭምብሉን ዓይኖች አገዘፈ። ሰውየውን አጣጥፎ ሸረሪት አደረገው። በ1990 እሱ ራሱ የሚጽፈውና የሚስለው አዲስ የስፓይደርማን መጽሔት ተከፈተለት፤ የመጀመሪያው እትም ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ገጾቹን ስቀዳ ዓይኔ ደስ አለው፤ ግን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አደንቃለሁ እንጂ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚገፋኝ ነገር አነሰብኝ። ለጀማሪ አደገኛው ይህ ነው። የሚያምር አቋም መቅዳት ቀላል ነው፤ እኔም በስምንቱ ገጾች ላይ የሠራሁት ይህንኑ ነበር።

እንዴት እንደቀዳሁ የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ የንግግሩን ቦታ በትናንሽ ወረቀቶች እሸፍናለሁ፤ ሥዕሉን ብቻ አይቼ ምን እየሆነ እንደሆነ ለራሴ እናገራለሁ። ቀጥሎ ገጹን የመዳፌን ያህል አሳንሼ ጥቁር የሆነውን ቦታ ብቻ በእርሳስ እሞላለሁ፤ ፊትም እጅም የለም፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ዓይን መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በሙሉ መጠኑ የምስለው። ስስ ወረቀት ደርቦ በላዩ መሳል ለመስመር ይረዳል፤ እያዩ መሳል ግን ለማሰብ ይረዳልና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የስፓይደርማንን ልብስ መረብ አንድ በአንድ መሙላት ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ አንዱ ሙሉ ምስል አርባ ደቂቃ ይወስድብኝ ነበር። ግን አትዝለሉት። መረቡ የአካሉን ጉብታና ጎድጓዳ እየተከተለ ስለሚታጠፍ፣ ሳታውቁት የሰውን ገላ ያስተምራችኋል።

በስድስተኛው ወር ለብቻዬ ወደዚያ ምግብ ቤት ሄድኩ። ከምንቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በቆዳ ላይ ተስሎ ተሰቅሏል፤ ለዓመታት ከሥሩ ቡና ጠጥቻለሁ። ያን ቀን ቆሜ ሳጥኖቹን ቆጠርኩ፤ 44 ናቸው። ሁሉም እኩል። ንግሥቲቱም፣ ንጉሡም፣ መርከቡም፣ ግመሉም ያው አንድ ዓይነት ትንሽ ሳጥን ተሰጥቷቸዋል። መንገዱ ረጅም መሆኑን የሚነግረኝ የሳጥኖቹ ብዛት ነው፤ ግመል፣ እንደገና ግመል፣ እንደገና ግመል። የዲትኮን ዘጠኝ እኩል ሳጥኖች በሌላ ዓይን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለመርካቶው ልጅም የሚሆነው ይህ እንደሆነ ወሰንኩ። የቀን ሥራው በእኩል ሳጥን ይሁን፤ ጆንያ፣ እንደገና ጆንያ፣ እንደገና ጆንያ። ሳጥኑ የሚሰፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማንም በሌለበት ሌሊት የጭነት መኪናውን ከወደቀው ሰው ላይ ሲያነሳ።

ስምንቱ ገጾች አሥራ አንድ ሆኑ። ልጁ ከሲታ ነው፤ ሸሚዙ ይሰፋዋል፣ ማዳበሪያው ከእሱ ይገዝፋል። ሰው ባለበት ሳጥን ሁሉ ከጀርባ ወይም ከጎን ይታያል፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቹ የሳልኩት ለብቻው ሲሆን ብቻ ነው። ደጋግሜ የደመሰስኩት የመጨረሻውን ገጽ እጆች ነው። መኪናውን ካነሳ በኋላ እጆቹን የት ያድርጋቸው? በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ከተትኳቸው፤ የሰረቀ ሰው ይመስል።

ቅዳሜ ወስጄ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ቡናው እስኪቀዘቅዝ አልነካውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መዳፉን አንስቶ የራሱን ጽሑፍ ሸፈነና ሥዕሉን ብቻ ተመለከተ፤ ከዚያ መዳፉን አነሳ፣ እንደገና ሸፈነ። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዲሁ አደረገ። ሲጨርስ ወደ ሦስተኛው ገጽ ተመለሰና ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ «ሰው ካወቀብኝ አለቀልኝ» የሚለውን ሰረዘው።